ጣናን ባሕር ነው ብሎ ያመነው መሣሪያ፦ የአንድ ተንሳፋፊ የጉዳይ ጥናት

ለምን እንደምጽፈው

እኛ ጣናን ባሕር እንለዋለን። ከተማዋም ባሕር ዳር ናት። ዳርቻው ላይ የሚኖረው ሰው ማዕበል ሲነሳ "ባሕሩ ዛሬ ተቆጥቷል" ይላል፤ በዚህ የሚሳሳት የለም። የተሳሳተው አንድ መሣሪያ ነው። ለውቅያኖስ የተሠራ የውሃ መለኪያ ጣና ላይ ስናወርደው ጣናን እውነተኛ ባሕር ነው ብሎ አመነ፣ ባመነው ልክም ቁጥር ሰጠን። እኛ ደግሞ እሱን አመንነው።

ይህ የዚያ መለኪያና አብሮት የሠራነው "የጭቃ ባትሪ" ታሪክ ነው። ሥራው በከፊል ከሸፈ፣ በከፊል ደግሞ ባላሰብነው በኩል ሠራ። ነገሩ ተጽፎ ቢቀመጥ ሌላው ሰው ወራት ያተርፋል ብዬ ነው። የማንንም ስም አልጠራም። ከስህተቶቹ አንዱ የኔ ነው፤ እሱን ስደርስበት እናገራለሁ።

መነሻው

ቡድናችን አምስት ሰው ነበር። አንድ መምህር፣ ሁለት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች (አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ)፣ ሽቦ የምበይደው እኔ፣ እና ታንኳቸውን የሚያከራዩን አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ። እሳቸውን አባባ ነው የምንላቸው። ቦታው በጎጃም በኩል፣ ወደ ዘጌ በሚወስደው ዳርቻ ላይ ያለ ደንገል የበዛበት ጥግ ነው።

የፈለግነው ቀላል ነገር ነበር። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ በይፋ ከታወቀ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ተወርቷል። በብዛት የተንሰራፋው በሰሜንና በምሥራቅ ዳር ቢሆንም ነፋስ ሲነሳ እየተቆረጠ ወደ እኛም ይመጣል። ምንጣፍ ሆኖ ውሃው ላይ ሲተኛ ብርሃንና አየር ይከለክላል፣ ከሥሩ የሚበሰብሰው ነገር ደግሞ የቀረውን ኦክስጅን ይበላል። አሳ አጥማጆቹ ይህን ያለ መሣሪያ ያውቁታል፤ ቀረሶ የሚባለው አሳ ከዚያ ጥግ ይጠፋል። እኛ ግን መቼ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ እስከ ምን ያህል እንደሚወርድ በቁጥር ማየት ፈለግን። ስለዚህ ቀንና ሌሊት እየለካ በሬዲዮ የሚልክ ትንሽ ተንሳፋፊ ለመሥራት ተነሳን።

ኃይሉን ከፀሐይ ፓነል ልናገኝ ነበር ያሰብነው። ጎጃም ውስጥ ፀሐይ ችግር አይደለም። የመጀመሪያው ፓነል ሦስት ሳምንት ቆየ፣ በአራተኛው አልነበረም። ሁለተኛውም እንዲሁ። አባባ ስቀው "ልጆቼ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ውሃ ላይ ጥላችሁ ታድራላችሁ እንዴ?" አሉን።

መምህሩ የጭቃ ባትሪን ሐሳብ ያመጣው ያኔ ነው። በመጽሐፍ ስሙ የደለል ማይክሮቢያል ፊውል ሴል ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከውሃው በታች ያለው ደለል ውስጥ ኦክስጅን የለም። እዚያ የሚኖሩ እንደ ጂኦባክተር ያሉ ባክቴሪያዎች የበሰበሰውን ሲበሉ ኤሌክትሮን ይተርፋቸዋል፣ መጣያ ይፈልጋሉ። ካርቦን ደለሉ ውስጥ ከቀበርክላቸው እሱ ላይ ይጥሉታል። ያ አኖድ ነው። ከላይ ኦክስጅን ባለበት ውሃ ውስጥ ሌላ ካርቦን ይንጠለጠላል፣ ካቶድ ይባላል። ሁለቱን በሽቦ ስታገናኝ ኤሌክትሮኑ ወደ ላይ ይወጣና ከኦክስጅን ጋር ይገናኛል። በመሃል ትንሽ ኤሌክትሪክ ታገኛለህ። የሚያብረቀርቅ ነገር የለውም፣ ሁሉም ከውሃ በታች ነው፣ ሌባ አያየውም።

ትንሽ ስል በጣም ትንሽ ማለቴ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ በዚህ ዘዴ የአየር ሁኔታ መለኪያ ተንሳፋፊ አሠርተው አሳይተዋል። ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ የተከሉት የመጀመሪያው ባትሪ 230 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ የሚሰጠው 24 ሚሊዋት ነው። ይህ በዓመት ሲደመር ከ16 ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ጋር እኩል ነው። 230 ኪሎ ዕቃ፣ ለ16 ድንጋይ! ይህን ያነበብነው ከጀመርን በኋላ ነው። ቀድመን ብናነብ ኖሮ ምናልባት አንጀምርም ነበር።

መለኪያው

የውሃ መለኪያውን ያገኘነው በውሰት ነው። ያገለገለ ግን ጥሩ መሣሪያ፣ ሙቀት፣ ጥልቀት እና የሟሟ ኦክስጅን ይለካል። ሙሉ ዕድሜውን በጨው ውሃ ላይ ያሳለፈ ነው። የራሱ ባትሪ ስላለው በሳምንት ሁለት ቀን በታንኳ እየወሰድን እናወርደው ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ውሃው ላይ ገና ሳይጠልቅ ጥልቀቱን "−2.0 ሜትር" አለ። ማለትም ከውሃው በላይ ሁለት ሜትር አየር ላይ ተንሳፍፌያለሁ እያለን ነው። ሳቅን። ምክንያቱን ለማወቅ ግን አልተቀመጥንም። ጥልቀት የሚለካው በግፊት ነው፣ መሣሪያው ዜሮውን የያዘው በባሕር ወለል የአየር ግፊት፣ ማለትም በ1013 ሄክቶፓስካል ነው። ጣና ከባሕር ወለል 1,786 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ እዚህ የአየሩ ግፊት 816 አካባቢ ነው። የጎደለው ግፊት በውሃ ሲሰላ ልክ ሁለት ሜትር ይሆናል። መሣሪያው አልተበላሸም። ተራራ ላይ መውጣቱን ማንም አልነገረውም እንጂ።

የኔ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ኤክሴሉ ውስጥ የጥልቀቱ ዓምድ ላይ 2 ደመርኩና አስተካከልኩት። ለማንም አልተናገርኩም፣ ትንሽ ነገር መስሎኝ ነው። መሣሪያው "እኔ የባሕር ዳርቻ ላይ ነኝ" ብሎ በግልጽ ሲነግረኝ አፉን በሁለት ሜትር ዘጋሁት።

ከዚያ ኦክስጅኑ መጣ። ያለ እምቦጭ፣ ነፋስ በሚያናውጠው ክፍት ውሃ ላይ፣ ሙቀቱ 22 ዲግሪ እያለ 5.7 ሚሊግራም በሊትር አነበበ። ተማሪው ሰንጠረዥ አወጣ፤ በ22 ዲግሪ አየር የጠገበ ውሃ 8.7 ሊኖረው ይገባል ይላል። ስለዚህ ውሃው ሲሶ ኦክስጅኑን አጥቷል! ሌላ ቦታ ለካን፣ ያው። ሌላ ቀን፣ ያው። በወሩ መጨረሻ ለአንድ ስብሰባ የምናቀርበው ስላይድ ተዘጋጀ፤ ርዕሱ "ሐይቁ እየታፈነ ነው" ይል ነበር። ቀይ ቀለም ሁሉ ነበረው።

ያዳነችን ተማሪዋ ናት። የጠረጠረችው ቁጥሩ ዝቅ ስላለ አይደለም፣ የትም ቦታ አለመለዋወጡ ነው ያላማራት። እምቦጭ በሌለበትም፣ ነፋስ ባለበትም፣ ጠዋትም፣ ከሰዓትም 5.7 ገደማ። "ሐይቅ እንዲህ አይስማማም" አለች። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ሁለት ባልዲ አመጣች፣ አንዱን በቧንቧ ውሃ ሞላች፣ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደምታበርድ ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ ጀመረች። ሃምሳ ጊዜ ያህል። እጇ ደክሞ ለኔ ሰጠችኝ፣ እኔም ገለበጥኩ። እንዲህ የተገለባበጠ ውሃ አየር ይጠግባል፣ ከዚያ በላይ ኦክስጅን የሚይዝበት ቦታ የለውም። መለኪያውን ከተትነው። ምን አለ? 5.7። በባልዲ ውስጥ የታፈነ ሐይቅ የለም።

ሁለት ነገር ተደርቦብን ነበር። አንደኛው ከፍታው ነው፦ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ጣና ላይ አየር የጠገበ ውሃ በ22 ዲግሪ የሚይዘው 7 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው፣ 8.7 አይደለም። ተማሪው ያወጣው ሰንጠረዥ ለባሕር ወለል የተሠራ ነው። ሁለተኛው ጨው ነው፦ ጨዋማ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል፣ ስለዚህ መሣሪያው ውስጥ የጨው መጠን የሚሞላበት ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ 35 ተሞልቶ ነበር። 35 የውቅያኖስ ጨው ነው፣ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ። የጣና ጨው ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። መሣሪያው ውሃው ጨዋማ ነው ብሎ ስላመነ ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። ጨውን ዜሮ፣ ግፊቱን 816 አድርገን ስንሞላ ባልዲው መቶ በመቶ ሆነ። ሐይቁም አብዛኛው ቦታ ላይ ደህና ነበር።

ስላይዱን ሰረዝነው። መምህሩ ለሁለት ቀን አላናገረንም፤ እኔ የሁለት ሜትሩን ነገር የነገርኩት በሦስተኛው ቀን ነው።

የጭቃው ባትሪ፣ ሙከራ አንድ፦ ከሰል

ለካርቦኑ ገንዘብ አልነበረንም። የውጭ ጥናቶች የሚጠቀሙበት የግራፋይት ምንጣፍ ውድ ነው። ተማሪው ብልጥ መሰለውና የከሰል ሐሳብ አመጣ። ከአዊ በኩል በየመንገዱ የሚሸጠው የዲከረንስ (ለከሰል የሚተከል ዛፍ ነው) ከሰል ሞልቷል፣ ከሰል ደግሞ ካርቦን ነው፣ አይደል? ግማሽ ማዳበሪያ ገዛን። መልቲሜትር ስንተክልበት ግን ከሰሉ ከእንጨት ብዙም አይሻልም፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ምክንያቱ የተከሰለበት ሙቀት ነው። አፈር ተጭኖበት በዝግታ የሚከስል እንጨት አብዛኛውን ጊዜ 400 እና 500 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚደርሰው። ካርቦኑ ኤሌክትሪክ በደንብ እንዲያሳልፍ ግን ከ700 በላይ መቃጠል አለበት። ከሰሉን ቡና አፈላንበት።

ሙከራ ሁለት፦ የባትሪ ድንጋይ

ከዚያ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ትዝ አለኝ። ትልቁ ድንጋይ መሃሉ ላይ የካርቦን ዘንግ አለው፣ ልጅ ሆነን እየሰበርን ግድግዳ ላይ የምንጽፍበት ጥቁር ነገር። ሬዲዮ ከሚጠግኑ ሰዎችና ከሱቆች ሰባ ዘንግ ሰበሰብን። የሰባው ዘንግ ገላ ሲደመር አንድ አሥረኛ ካሬ ሜትር ይመጣል። አጥብን፣ በሽቦ አሰርን፣ ግማሽ ሜትር ስፋት ባለው ፍርግርግ ላይ ደረደርን፣ ደለሉ ውስጥ ቀበርን። ካቶዱንም ከካርቦን ዘንግ ሠርተን ከቢጫው ጀሪካን (ተንሳፋፊያችን እሱ ነው) ሥር አንጠለጠልን።

በዚያኑ ቀን 0.95 ቮልት! ተማሪው ታንኳው ላይ ተነስቶ ሊጨፍር ሲል አባባ "ተቀመጥ አንተ!" አሉት።

ደስታው አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ከዚያ ቮልቱ መውረድ ጀመረ፣ ስናወጣው ሽቦው ነጭ ዱቄት ለብሶ ተበልቷል። ለማሰሪያ የተጠቀምንበት ሽቦ ለአጥር የሚሸጠው ዚንክ የተቀባው ነበር። ዚንክና ካርቦን እርጥብ ቦታ ላይ አንድ ላይ ስታስቀምጥ ባትሪ ነው፣ የባትሪ ድንጋይ ራሱ እኮ ሌላ ነገር አይደለም። ፈትተን ያወጣነውን ድንጋይ ጣና ውስጥ መልሰን ገጠምነው። ባክቴሪያዎቹ ገና ሥራ አልጀመሩም።

ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ እንዳለ ያወቅነው በኋላ ነው። እውነተኛው የጭቃ ባትሪ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፣ ባክቴሪያዎቹ ካርቦኑ ላይ እስኪሰፍሩ ሳምንታት ይወስዳል። የተከልክ ዕለት ከፍ ያለ ቮልት ካየህ ብረት ነው የሚናገረው። ለማረጋገጥም ደለሉን በድስት ደጋግመን ቀቀልነው፣ አንድ አይነት አኖድ በተቀቀለው ውስጥ፣ አንድ ባልተቀቀለው ውስጥ ተከልን። የተቀቀለው ጭቃ ሽታ ግቢውን ለአንድ ሳምንት አልለቀቀም፤ ጎረቤት ምን እያበሰላችሁ ነው ብሎ መጥቷል። ማሰሪያውን ወደማይዝግ ብረት ቀይረን፣ የሽቦውን መገጣጠሚያ በኢፖክሲ ደፍነን ስንሞክር ያልተቀቀለው በሦስተኛው ሳምንት 0.6 ቮልት ደረሰ፣ የተቀቀለው ከዜሮ ብዙም አልራቀም። አሁን ባክቴሪያ ነው።

0.6 ቮልት ሆኖ ምንም የማይሠራ

ሐይቁ ላይም 0.6 አገኘን። መሣሪያ ስናገናኝበት ግን ቮልቱ ወዲያው ወደቀ። ባዶ ኪስ ያለው ሰው ጥሩ ልብስ ለብሶ እንደሚመጣው አይነት ነገር። ኃይሉን ስንለካ 20 ማይክሮዋት (የዋት ሚሊዮንኛ) አካባቢ ሆነ።

እዚህም ያገኘነው ያንኑ የባሕሩን ነገር ነው፣ በሌላ መልክ። በአኖድና በካቶድ መካከል ኤሌክትሪኩን በአዮን መልክ የሚያሻግረው ውሃው ነው። የባሕር ውሃ ጨው ስላለው በሴንቲሜትር 50,000 ማይክሮሲመንስ (ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅም መለኪያ) አካባቢ ያሳልፋል። እኛ ጣና ላይ በርካሽ የንጹህ ውሃ መለኪያ የለካነው 150 ነበር። ልዩነቱ ከሦስት መቶ እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱ ኤሌክትሮዶች አንድ አሥረኛ ካሬ ሜትር ሆነው አንድ ሜትር ቢራራቁ በባሕር ውሃ መሃል ያለው ተቃውሞ 2 ኦኸም ገደማ ነው። በጣና 670 ኦኸም ገደማ። በዚህ ተቃውሞ 0.6 ቮልት ሌላው ሁሉ ፍጹም ቢሆን እንኳን ከ134 ማይክሮዋት በላይ ሊሰጥ አይችልም። ባሕር ላይ ካቶዱን ተንሳፋፊው ሥር ማንጠልጠል ምንም ችግር የለውም፣ የጥናቶቹ ሥዕሎችም እንደዚያ ነው የሚያሳዩት፣ እኛም ሥዕሉን ገልብጠን ሠራን።

መፍትሔው ማቀራረብ ነው። ካቶዱን ከደለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አደረግነው። ታች ደግሞ ኦክስጅን ስለሚያንስ ወደ ዳር ተጠግተን ውሃው ከወገብ የማያልፍበት ቦታ ተከልን። ኃይሉ ወደ 50 ማይክሮዋት ወጣ።

50 ማይክሮዋት ምን ያደርጋል? በሲም ካርድ የሚልክ ሞጁል አይታሰብም፣ ኔትወርክ ሲፈልግ ብቻ በአንድ ጊዜ የቀናት ምርታችንን ይበላል። ሎራ ወደሚባል፣ በጥቂት ኃይል ሩቅ ወደሚልክ ሬዲዮ ቀየርን። ትንሽ ቮልት የሚያሳድግ ሰርኪት ኃይሉን ሱፐር ካፓሲተር በሚባል ማጠራቀሚያ ውስጥ ያከማቻል፣ ካፓሲተሩ ሲሞላ መሣሪያው ይነቃል፣ የውሃውን ሙቀትና የራሱን ቮልት ለክቶ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ጣሪያ ላይ ወዳለው አንቴና ይልካል፣ መልሶ ይተኛል። በየስድስት ሰዓቱ አንድ ጊዜ። እውነቱን ለመናገር መዳፍ የምታህል የፀሐይ ፓነል ቀትር ላይ ከዚህ ሃያ ሺህ እጥፍ ትሰጣለች። ለኃይል ሲባል ከሆነ የጭቃ ባትሪ ጣና ላይ አያዋጣም፣ ይህን ደግሞ ለመምህሩ በፊቱ ነግሬዋለሁ።

ያልጠበቅነው

በታኅሣሥ አንድ ሳምንት ከሰሜን ነፋስ በረታና እምቦጭ መጣ። ምንጣፉ ተንሳፋፊውን ከቦ ተኛ። በሁለት ቀን ውስጥ ቮልቱ ከ0.45 ወደ 0.1 ወረደ፣ ከዚያ መሣሪያው ዝም አለ።

ተበላሸ ብለን በታንኳ ሄድን። እምቦጩን በእጅ እየገፋን ስንደርስ ሽታው ሌላ ነው፣ የበሰበሰ እንቁላል። አሁን በትክክል የተሞላውን መለኪያ ካቶዱ አጠገብ ስናወርደው ኦክስጅኑ ከ1 ሚሊግራም በታች ነበር። ተማሪዋ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ቀና ብላ አየችኝና "አልተበላሸም እኮ" አለች።

አልተበላሸም። ደለሉ ውስጥ ላሉት ባክቴሪያዎች የበሰበሰው እምቦጭ ድግስ ነው፣ ካቶዱ ግን የሚተነፍሰው ኦክስጅን የለውም። ለኃይል ማመንጫው ከሁሉ የሚመቸው ቦታ ኃይሉ የሚቋረጥበት ቦታ ነው! እንደ ባትሪ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። እንደ መለኪያ ካየኸው ግን እኛ ከመጀመሪያው የፈለግነው ይኸው ነበር፦ ኦክስጅን ሲጠፋ የሚናገር ነገር። ውድ የኦክስጅን ሴንሰር ሌንሱ በአረንጓዴ ሽበት (በአልጌ) ይሸፈናል፣ በየሳምንቱ መጥረግ አለብህ። የኛ ሰባ ዘንግ ግን የቆሸሸው ሆን ተብሎ ነው።

ከዚያ በኋላ ቮልቱን ከመለኪያው ጋር ጎን ለጎን ለሁለት ወር አየነው። ሁልጊዜ አይስማሙም። ከ3 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ቮልቱ ብዙም አይለይም፣ ሌሊት ውሃው ሲቀዘቅዝም ትንሽ ይወርዳል። ካቶዱ ላይ የሚበቅለው ሽበት ሲወፍር ደግሞ በዝግታ ይወርዳል፤ ይህኛው ግን በሳምንታት እንጂ በቀን ስለማይወርድ ከእምቦጩ ይለያል። ስለዚህ ቁጥር አይሰጥህም፣ "አለ" ወይም "የለም" ነው የሚልህ። ለኛ ይበቃ ነበር።

ውሃው ሄደ

ማቀራረቡ ያመጣብን ጣጣ ደግሞ በሚያዝያ ወጣ። የጣና ውሃ መስከረም አካባቢ ይሞላል፣ እስከ ሰኔ መግቢያ ድረስ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል። እኛ ከወገብ በማያልፍ ውሃ ውስጥ ነበር የተከልነው፣ በኅዳር። በመጋቢት መጨረሻ ጉልበት ደረሰ፣ ከፋሲካ በኋላ ስንሄድ ጀሪካኑ ጭቃ ላይ በጎኑ ተኝቷል፣ አኖዱ የተቀበረበት መሬት መሰነጣጠቅ ጀምሯል፣ ሁለት በሬዎች አጠገቡ ሣር ይግጣሉ።

አባባ በኅዳር ነግረውን ነበር። "እዚህ እኮ በፋሲካ በሬ ነው የሚውልበት" ነበር ያሉት። እኛ ደግሞ የሰማነው እንደ ጨዋታ ነው፣ ማንም ደብተር ላይ አልጻፈውም። የተቀበለው ቢኖር ኖሮ አንድ ወቅት አይባክንም ነበር። አንድ ሌሊት ደግሞ ገመዱ ተበጥሶ ነበር፤ እሳቸው ጉማሬ ነው ይላሉ፣ ተማሪው ነፋስ ነው ይላል፣ እሱ እስካሁን አልተፈታም።

ለሌላ ሥራ የሚጠቅመው

ከውጭ የመጣ መሣሪያ ስትቀበል "ይሠራል ወይ?" ብቻ ብለህ አትጠይቅ። "የተሠራው የት ቦታ ላለ ውሃ ነው?" በል። ከዚያ ውስጡ የተሞሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ አውጥተህ ጻፍ፦ ጨው፣ ግፊት፣ ከፍታ፣ ሙቀት። ይህ ለውሃ መለኪያ ብቻ አይደለም። የከፍታ አገር ሰው ነን፣ ከጎጃም ሜዳ አብዛኛው ከባሕር ወለል በጣም ከፍ ያለ ነው። ውሃ እንኳን እዚህ በመቶ ዲግሪ አይፈላም፣ ባሕር ዳር ላይ 94 ገደማ ነው የሚፈላው። የላቦራቶሪ ሰው፣ ጄኔሬተር የሚሸጥ ሰው፣ ባዮጋዝ የሚተክል ሰው ሁሉ ይህ ይደርስበታል።

የማይመስል ቁጥር ሲመጣ ደምረህ ቀንሰህ አታስተካክለው። ስለ ሁለት ሜትሩ ከላይ ተናግሬያለሁ፣ አልደግመውም።

የባልዲው ሙከራ ዋጋው ዜሮ ነው፣ መልሱ የሚታወቅ ነገር ላይ መጀመሪያ መለካት ማለት ነው። የተቀቀለው ጭቃም ያው ነው። ሁለቱንም ከመትከላችን በፊት ብናደርጋቸው ሦስት ወር እናተርፍ ነበር።

ከሌላ ቦታ የተቀዳ ሥዕል ላይ ርቀቱን ራሱ ጠይቀው። ባሕር ላይ አንድ ሜትር ርቀት ምንም አይደለም፣ ንጹህ ውሃ ላይ ሥራውን ይገድላል። በአራት መስመር ስሌት የሚታይ ነገር ነው፣ እኛ ግን ያሰላነው ከወደቅን በኋላ ነው።

አሳ አጥማጅ፣ እረኛ፣ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው የሚናገረውን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፍ። የውሃው መውረድ በአባባ አፍ ውስጥ ከነወሩ ነበር።

አሁን ያለበት

መለኪያውን ለባለቤቶቹ መልሰናል፣ ከፍታና ጨው የሚሞላበት ገጽ ላይ በትልቁ ማስታወሻ ለጥፈንበት። ተንሳፋፊው አሁን ዓመቱን ሙሉ ውሃ በማይለየው ቦታ ነው፣ ካቶዱና አኖዱ በአንድ ፍሬም ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው አንድ ላይ ይወርዳሉ። ሬዲዮውን የሚያንቀሳቅሰው ግን የጭቃው ባትሪ አይደለም። ጀሪካኑ ውስጥ የታሸጉ ሦስት አዳዲስ የባትሪ ድንጋዮች ናቸው። ጭቃው የሚናገረው ስለ ኦክስጅን ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ቮልቱ በአንድ ሌሊት ከ0.4 ወደ 0.1 ወረደ። ተማሪዋ በማለዳ ለአባባ ደወለችላቸው።

"አባባ፣ እንደምን አደሩ? እምቦጩ መጣ እንዴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። እምቦጭ የለም፣ ውሃው ጥሩ ነው። ማን እንደሆነ እንጃ፣ ማታ ታንኳውን ገመዳችሁ ላይ አስሮ ሲጎትተው ያንን ጥቁሩን ነገራችሁን ጭቃ ውስጥ አጋድሞታል። ቆይ፣ ቁርሴን ልብላና አነሳላችኋለሁ።"